ረጅሙ ሰውዬ

ጳጉሜን 6 ቀን 1991 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። እናቴ ለነገው ድፎ ኮባ እንዳመጣ ልካኛለች፤ እኔ ግን ታላቅ ወንድሜን ተከትዬ ዲሽ ያለው ቡና ቤት መስኮት ሥር ቆሜያለሁ። ልጅ ወደ ውስጥ አይገባም። ከውጭ ሦስት ድንጋይ ደራርበን፣ ተራ በተራ እየወጣን በብረት ፍርግርጉ መሃል ነበር የምናየው። መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ስለሚደፈን፣ ውስጥ ያለ አንድ ጎልማሳ በክርኑ ጠረግ ሲያደርገው ብቻ አረንጓዴው ሜዳ ብቅ ይላል።

ሊቨርፑል አንፊልድ ላይ በማንችስተር ዩናይትድ 2 ለ 0 እየተመራ ነው። ቅጣት ምት ተሻማ። የዩናይትዱ አዲስ በረኛ ማሲሞ ታይቢ ሊይዝ ወጣና ሳያገኘው ቀረ። ያኔ ከሰው ሁሉ በላይ ወርቃማ ፀጉር ያለው አንድ ራስ ታየኝ፤ ኳሷን በቴስታ መረብ ውስጥ ጨመራት።

«ማነው እሱ?» አልኩ።

«አዲስ ተከላካይ ነው፣ ሂፒያ ይሉታል። ከፊንላንድ ነው የመጣው» አለኝ ወንድሜ።

«ፊንላንድ የት ነው?»

«በረዶ አገር» አለ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል።

ጨዋታው 3 ለ 2 በሽንፈት አለቀ። የሊቨርፑሉ ጄሚ ካራገር ያን ቀን ሁለት ጊዜ የገዛ መረቡ ላይ አስቆጥሯል። ኮባውን ይዤ ስገባ መሽቶ ነበር፤ እናቴ ምን እንዳለችኝ ዛሬ አላስታውስም። ያ ከጭንቅላቶች ሁሉ በላይ የወጣ ራስ ግን አሁንም ይታየኛል።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ አንድ ነገር አስለመደኝ። «ኳሱን ተወው፤ ረጅሙን ሰውዬ እይ» ይለኝ ነበር። ይሄ ለልጅ ከባድ ነው፤ ዓይን ኳስ ይከተላላ! እንደምንም ስለምደው ግን ሌላ ጨዋታ ማየት ጀመርኩ። ሳሚ ሂፒያ ሯጭ አልነበረም። አጥቂው ገና ሳይነሳ እሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ላይ ቆሟል። ከዚያ መጣች፣ በግንባሩ መለሳት፣ አለቀ። ማሊያው ንጹሕ እንደሆነ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነበር። አጠገቡ ስዊዘርላንዳዊው ስቴፋን ሄንቾዝ አለ፤ ሁለቱ ብዙም ሳይነጋገሩ የሚግባቡ ይመስሉኝ ነበር።

እኔም በዕድሜዬ ረጅም ስለነበርኩ በሰፈር ሜዳ የሚሰጠኝ ቦታ ተከላካይነት ነው። ማንም አይወደውም ያንን ቦታ። ልጅ ሁሉ ጎል ማግባት ይፈልጋል። ሂፒያን ካየሁ በኋላ ግን «ኋላ ቁም» ሲሉኝ ደስ እያለኝ እሄድ ነበር። በሁለቱ የጎል ድንጋዮች ፊት ቆሜ የካልሲ ኳሷን ሳይሆን የሚመጣውን ልጅ ትከሻ አያለሁ። ትከሻው ወዴት እንደሚዞር ካወቅህ ኳሷን ታገኛታለህ። ይሄን ያስተማረኝ አሰልጣኝ የለም፤ ከመስኮቱ ያመጣሁት ነው።

ስለ እሱ የተጻፈ ነገር መሰብሰብ የጀመርኩት ቆይቼ ነው። አባቱ ኳስ ተጫዋች፣ እናቱም በረኛ ነበሩ። ከፊንላንዱ ማይፓ ወደ ሆላንዱ ቪለም ሁለት ሄደ፤ ከዚያ ሊቨርፑል በ2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። ዛሬ ያ ገንዘብ የአንድ ታዳጊ ተቀያሪ ዋጋ አይሆንም። እሱ በዚያ ዋጋ መጥቶ አስር ዓመት ቆመ። በ1993 ዓ.ም. ሊቨርፑል በአንድ የውድድር ዘመን የሊግ ካፑን፣ የኤፍ ኤ ካፑንና የዩኤፋ ዋንጫን ሲያነሳ መሃል ተከላካዩ እሱ ነበር። የክለቡ አምበልም ሆነ። በ1996 መጀመሪያ አምበልነቱ ለወጣቱ ስቲቨን ጄራርድ ሲሰጥ ብዙ ሰው ያኮርፋል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ቦታው ላይ ቆሞ መጫወቱን ቀጠለ። ለዚህ የማከብረውን ያህል ለዋንጫዎቹ አላከብረውም።

መጋቢት 27 ቀን 1997፣ ሁዳዴ ጾም ላይ፣ ጁቬንቱስ አንፊልድ መጣ። በዚያን ጊዜ ብር ከፍለን ወንበር ላይ የምንቀመጥ ጎረምሶች ሆነናል። በ10ኛው ደቂቃ ጄራርድ ኮርና አሻማ፣ ሉዊስ ጋርሲያ ነካት፣ ሂፒያ መሬት ሳትነካ በግራ እግሩ ለጋት። ተከላካይ እንዲህ ይመታል እንዴ! ወንድሜ ተነስቶ አግዳሚውን ገለበጠው፤ አብረን ወደቅን።

ግንቦት 17 ደግሞ ኢስታንቡል ላይ የሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ። ምርጫው ካለፈ አስር ቀኑ ነው፣ ከተማው በሙሉ ሌላ ወሬ ላይ ነበር። እኛ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ጀምሮ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ተቀምጠናል። በዕረፍት ሰዓት ሚላን 3 ለ 0 እየመራ ነበር፤ ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ። 3 ለ 3 ሆኖ በሪጎሬ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል። ረጅሙ ሰውዬ 120ውንም ደቂቃ ቆሟል።

ለአገሩ 105 ጊዜ ቢሰለፍም ትልቅ ውድድር ሳያይ ቀረ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ፊንላንድ ፖርቶ ላይ ፖርቱጋልን ብታሸንፍ ወደ አውሮፓ ዋንጫ ታልፍ ነበር፤ 0 ለ 0 ወጣች። ጎል አልገባበትም፤ እሱ ሥራውን ሠርቷል። ይህን ሳስብ አሁንም አንጀቴን ይበላዋል።

ግንቦት 16 ቀን 2001 የመጨረሻ ጨዋታው ነበር፣ ከቶተንሃም ጋር። ማብቂያው ላይ በጄራርድ ቦታ ተቀይሮ ገባ። ሲያበቃ አለቀሰ። ያን ሁሉ ዓመት ፊቱ ሲለዋወጥ ያላየሁት ሰው እንደ ልጅ ሲያለቅስ አየሁት። ወንድሜ በሥራ ምክንያት ደሴ ነበርና ስልኬ ጠራ።

«አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት፣ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ጀርመን ነው የሚሄደው፣ ሌቨርኩሰን። በል የጀርመን ሊግ የሚያሳይ ቤት ከአሁኑ ፈልግ» አለኝ።