ዘፈኑን ለድምፁ ማውረድ

ናሽቪል ሳለሁ ፔዳል ስቲል ጊታር ስማር፣ አንድ የቆየ ዘፈን በጂ አጠናሁ፤ የየፍሬቱን ቁጥር እንደ ዳዊት ሸመደድሁ። አንድ ምሽት አረጋዊቷ ዘፋኛችን «ልጄ፣ ድምፄ ደክሟል፤ ትንሽ አውርድልኝ» አሉኝ። አልቻልሁም። እንደ ምንም በጂ ሲዘፍኑ ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። በሀገሬ ክራር መቺው ክሩን አጥብቆና አላልቶ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እንደሚያስማማ እያወቅሁ ይህ መሆኑ አሳፈረኝ።

መምህሬ አልተቆጡም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒል ማቲውስ የነደፈውን፣ ኮርድን በፊደል ሳይሆን በቁጥር የመጻፍ ዘዴ አሳዩኝ። በኢ 9 ቅኝት የጂ አንደኛ ኮርድ 3ኛው ፍሬት ላይ ነው። እዚያው ኤ እና ቢ ፔዳሎች ሲረገጡ አራተኛው ይሰማል፤ እንደተረገጡ ብረቱ ወደ 5ኛው ፍሬት ሲሻገር አምስተኛው። ወደ ኤፍ ለመውረድ ሁሉም ሁለት ሁለት ፍሬት ዝቅ ይላል፤ 3 የነበረው 1፣ 5 የነበረው 3 ይሆናል። የእግሩ ሥራ ያው ነው፤ የኮርዶቹም ዝምድና አይለወጥም።

በሳምንቱ በኤፍ አጀብኋቸው፤ እስከ መጨረሻው ዘፈኑ። ከዚያ ወዲህ ዘፈን ሳጠና አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ፍሬቱ ሳይሆን ስለ ዘፋኙ ድምፅ ነው።