ማታ በሚነሣ መርከብ የመጀመሪያው ቀን

መርከብ በቀትር ይነሣል ብሎ የለመደ መንገደኛ ከሳን ሁዋን ወደብ ሲደርስ ልማዱን መተው ግድ ይሆንበታል። ሳን ሁዋን የፖርቶ ሪኮ ደሴት ዋና ከተማ ናት፤ ደሴቲቱም ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ መንግሥት ሥር ትገኛለች። ከዚያ ለሽርሽር ከሚወጡት ታላላቅ መርከቦች ብዙዎቹ ገመዳቸውን የሚፈቱት ከምሽቱ በ2 ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም እስከ 4 ሰዓት ቆይተው ነው። ምክንያቱም መንገደኛው በዚያው ቀን ከሩቅ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ በማግሥቱ የሚደረስባት የቅዱስ ቶማስ ደሴት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ለጉዞው ሌሊቱ ይበቃል።

እኔም ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ በ7 ሰዓት ከቀትር በኋላ ከወደቡ ደረስሁ። ተሸካሚዎች ሻንጣችንን ተቀብለው፣ የክፍላችን ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት አሥረውበት ወሰዱት፤ ሻንጣውንም ዳግመኛ ያየነው ከመሸ በኋላ ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ መድኃኒትና የልጅ ልብስ፣ ፓስፖርትም ጭምር፣ በእጅ በሚያዝ ከረጢት ይቀመጥ። እኛ የትንሹን ልጅ ሹራብ በሻንጣው ውስጥ ረስተን፣ መርከቡ ውስጥ በሚነፍሰው የማቀዝቀዣ አየር ሲንቀጠቀጥ በፎጣ ጠቅልለነው ዋልን። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ወገናችን ደግሞ መርከቡ የሚቆምባቸው ደሴቶች የተለያዩ መንግሥታት እንደ ሆኑ አውቆ፣ የየአንዳንዱን የመግቢያ ፈቃድ ከቤቱ ሳይነሣ ይመርምር። በወደቡ በር ላይ የሚደረግ ልመና ዋጋ የለውም።

ከበሩ ላይ ፎቶግራፋችንን አንሥተው ለየአንዳንዳችን አንዳንድ ካርድ ሰጡን። መርከቡ የሚነሣው ማታ ስለ ሆነ፣ ወደ ውስጥ ከገባን በኋላ ተመልሰን ወደ ከተማ መውጣት እንደሚፈቀድልን ጠይቀን ተረዳን። ከዚህ የተሻለ ከሰዓት በኋላ አላሳለፍንም። የድሮው ከተማ ከመርከቡ መሰላል በእግር የሚደረስበት ነው። መንገዱ ሰማያዊ መልክ ባለው ድንጋይ የተነጠፈ፣ ቤቶቹም ቢጫና ሮዝ የተቀቡ ናቸው። ወደ ባሕሩ ጫፍ ሲወጡ ስፔናውያን በ1539 ዓ.ም. መሥራት የጀመሩት ኤል ሞሮ የሚባለው ምሽግ ይታያል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በ1595 ዓ.ም. መርከቦቹን ይዞ ቢመጣ፣ ከዚህ በተተኮሰ መድፍ አፍሮ ተመልሷል። አሁን ግን ከምሽጉ ፊት ባለው ሰፊ መስክ ላይ ሕፃናት የወረቀት አሞራ ወደ ነፋሱ ይለቃሉ። ልጆቼም የድሬክን ታሪክ ትተው አሞራውን ሲያሯሩጡ ዋሉ፤ እኔም አልፈረድሁባቸውም።

ነገር ግን አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መርከቡ የሚነሣበት ሰዓትና መንገደኛው የሚገባበት የመጨረሻ ሰዓት አንድ አይደሉም፤ በሩ ቀደም ብሎ ይዘጋል።

ደክመን ስንመለስ እራት ቀርቦ ነበር። ባለቤቴ፣ «ልጆቹ በቁማቸው ተኝተዋል፤ ያን የልምምድ ነገር ነገ ብናደርገውስ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ልምምድ የሚባለው፣ አደጋ ቢደርስ መንገደኛው ሁሉ በየትኛው ስፍራ እንደሚሰበሰብ፣ የነፍስ አድን ሰደርያውንም እንዴት እንደሚለብስ የሚማርበት ነው። ጥቂት ቆይቶ ስማችን በድምፅ ማጉያው ተጠራ። አፍረን ተነሣን።

ይህ ሕግ ለምን እንደ ጠበቀ ለማስረዳት ለጥቂት ጊዜ ወደ ኢጣሊያ አገር ልሻገር። ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ የሚባለው መርከብ ከሮማ አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሣ። በዚያ ምሽት ከዚያ ወደብ የተሳፈሩት ወደ 700 የሚጠጉ መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር፤ የተቀጠረላቸው ለማግሥቱ ነው። የዚያን ጊዜው ደንብም በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረግ ይል ስለ ነበር፣ ማዘግየቱ ሕግ መተላለፍ አልነበረም። ለ4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ እራት እየበሉ ሳሉ፣ መርከቡ በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተላተመ። 32 ሰዎች ሞቱ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያውኑ እንዲደረግ በመንግሥታት ስምምነት ተወሰነ።

ይህን ለባለቤቴ በመተላለፊያው ውስጥ ስንሄድ ነገርኋት። የመሰብሰቢያ ስፍራችንን ካገኘን በኋላ አንዲት ሠራተኛ የምልክቱን ድምፅ አሰማችን፤ ሰባት አጫጭር፣ ቀጥሎም አንድ ረዥም ፊሽካ ነው። በትንሹ ልጅ አንጓ ላይም የስፍራው ፊደል የተጻፈበት አምባር አሰረችለት፤ ቢጠፋ ማንም ሠራተኛ ወደዚያ ያደርሰዋል። ታላቂቱ ልጄ ግን በዚህ አልረካችም። «አባባ፣ እሱን የሚሸከመው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔና እናቷ ተያየን፤ ይህን አልተነጋገርንበትም ነበር። እኔ እንድሸከመው፣ እሷም የእናቷን እጅ እንድትይዝ እዚያው ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይኛው ወለል ወጣን። ገመዱ ተፈታ፤ መርከቡም ያለ ድምፅ ከወደቡ ተለየ። የከተማው መብራት በቀኛችን በኩል ቀስ እያለ አለፈ፤ በመጨረሻም ቀን አሞራ የተለቀቀበት ኤል ሞሮ በጨለማ ውስጥ እንደ ተራራ ከላያችን ቆመ። ከምሽጉ ባሻገር ሰፊው ውቅያኖስ ስለ ሆነ፣ መርከቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዛወዘ። ትንሹ ልጅ በትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር። ታላቂቱ ወደ ክፍላችን ስንመለስ ከመሰብሰቢያው ስፍራ እስከ በራችን ያለውን እርምጃ ጮክ ብላ እየቈጠረች ከፊታችን ሄደች።