ካርታውን የሚስለው ማነው?

የምንሠራው ፕሮግራም የመንገድ ካርታ የሚያሳይ ነው፤ በማውስ ሲጎትቱት አብሮ መንሸራተት አለበት። የቢሮውን አሮጌ ላፕቶፖች አፕዴት ባደረግን ማግስት ግን ይንቀራፈፍ ጀመር። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉ እየተቆራረጠ ይከተላል። ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፦ ከአፕዴቱ ጋር የመጣው አዲሱ ላይብረሪ ከባድ ነው፣ ወደ ድሮው እንመለስ!

ምክንያቱን ሳላውቅ መመለሱን አልወደድኩትም። መጀመሪያ ከካርታው ላይ ግማሹን መንገድ አወጣሁ፤ ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም። ቀጥዬ ካርታውን እንዳለ ትቼ መስኮቱን ብቻ ሳጠበው እንደ ድሮው ተንሸራተተ። እንግዲህ ጊዜውን የሚበላው የመንገዱ ብዛት ሳይሆን የሚቀባው ፒክስል ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ለመሳል ደግሞ ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ለግራፊክስ ቺፕ ይህ ተራ ሥራ ነው። እኛ ጋ ግን እሳት ላይ የተጣደው ፕሮሰሰሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ "ለምን ዘገየ?" ከማለቴ በፊት "ማነው የሚሠራው?" እላለሁ። ሊኑክስ ላይ ይህን የምትመልስ ግሌክስኢንፎ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። የነገረችኝ ስም የኢንቴል ቺፕ ሳይሆን ኤልኤልቪኤምፓይፕ ነበር፤ ግራፊክስ ቺፑን ሳይነካ ሁሉንም በፕሮሰሰር የሚስል የሜሳ ክፍል።

ሜሳ ሊኑክስ ላይ ግራፊክስ የሚሳልበትን ኦፕንጂኤልን የሚያስኬድ ላይብረሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 22.0 ስሪቱ የቆዩ ድራይቨሮችን ከዋናው ኮድ አውጥቶ አምበር ወደተባለ ቅርንጫፍ አዛወረ። የእኛ ላፕቶፖች ይጠቀሙበት የነበረው አይ965 ከተዛወሩት አንዱ ነው። ለአሮጌ የኢንቴል ቺፖች ክሮከስ የሚባል ተተኪ አለ፤ የጫንነው ጥቅል ግን ያለ እሱ የተዘጋጀ ኖሯል። ሜሳም ድራይቨሩን ሲያጣ ለተጠቃሚው ምንም ሳያሳይ በፕሮሰሰር መሳሉን ቀጠለ። (ብራያን ፖል ሜሳን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀምረውም ሥራው ይኸው በፕሮሰሰር መሳል ነበር።)

ያናደደኝ ዝምታው ነው። ስክሪኑ ጨልሞ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ገና ከጠዋቱ ድራይቨሩን እንጠረጥር ነበር፤ እየሠራ ስለዘገየ ግን ላይብረሪው ያለ ጥፋቱ ተወነጀለ።

ክሮከስ ያለበትን ጥቅል ስንጭን ካርታው ተስተካከለ። አሁን ፕሮግራማችን ሲነሳ ማን እየሳለ እንደሆነ በሎጉ የመጀመሪያ መስመር ይጽፋል፤ ኤልኤልቪኤምፓይፕን ካየ ደግሞ ጥግ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አንዱ ባልደረባዬ "እንደዚያ ከሆነ ጭራሽ አይነሳ" ባይ ነው። እኔ አልተስማማሁም፤ መስክ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ መንገድ ለሚፈልግ ሰው የሚንቀራፈፍም ካርታ ቢሆን ካርታ ነው። እስካሁን እንከራከራለን።