የእናቴ ሐቅ

የሰው ሐቅ ከባድ ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በእኛ ሰፈር፣ ደሴ፣ ልጅ ይህን የሚማረው ገና ፊደል ሳይለይ ነው። በአንተና በአላህ መካከል ካለው ጥፋት በተውባ ትመለሳለህ፤ የሰው ሐቅ ከነካህ ግን ባለቤቱ ፊት ቀርበህ «አውፍ በለኝ» ማለት አለብህ። እኔ የበላሁት ሐቅ ገንዘብም መሬትም ስላልነበረ ሐቅ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። የበላሁት የእናቴን ጥሪ ነው።

ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴ ሲቃረብ እናቴ ከጎረቤቶች ጋር ወደ አዲስ አበባ ሰደደችኝ። እሷ አልጋ ላይ የዋለችውን አያቴን ትታ መውጣት አልቻለችም። ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ የስልክ መስመሩ ተቋረጠ። ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ መለቀቃቸው ተሰምቶ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ስደውል ከረምኩ። ከሱብሒ በፊት ደወልኩ፤ ከመግሪብ በኋላ ደወልኩ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደወልኩ። «ያ ረቢ፣ ድምፅዋን ብቻ አሰማኝ፤ ከዚህ በኋላ ስትደውል ሁልጊዜ አነሳለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። መስመሩ ተመልሶ «ሃሎ» ስትለኝ መልስ መስጠት አቅቶኝ አለቀስኩ።

ይህን የማነሳው ጥፋቴ ካለማወቅ የመጣ እንዳይመስል ነው። የእናት ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ ምህንድስና እማር ነበር። ከቤቴ የሚለየኝ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ያ መንገድ ሀረጎን በጥምዝምዝ የሚወርድ፣ በክረምት ጉም የሚውጠው፣ ከጦሳ ግርጌ ብርድ ወደ ቦርከና ሙቀት የሚያደርስ መንገድ ነው። እናቴ ሚኒባስ ላይ ራሷን ያዞራታል።

ዶርም ውስጥ የሌሊት ፓኬጅ እገዛ ነበር። ርካሽ ነበር፤ ርካሽነቱም እንቅልፌን ሸጬ የገዛሁት መሆኑን ሸፈነብኝ። «አንድ ቪዲዮ አይቼ እተኛለሁ» እልና የመስጊዱ አዛን ይደርስብኛል። ጠዋት ክፍል ገብቼ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ቀመር ፊቴ እያለ ጣቴ ከጠረጴዛው በታች ቴሌግራም ይከፍታል። መልእክት መጥቶ አይደለም፤ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በኋላ አንብቤያለሁ። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ቁልፉን በነካ ቁጥር ምግብ ከሚመጣለት እንስሳ ይልቅ መቼ እንደሚመጣለት የማያውቀው አጥብቆና ሳይታክት ሲነካ አይቷል። ቲክቶክም እንዲሁ ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ቪዲዮ ከንቱ ቢሆንም አሥረኛው ያስቀኛል፤ አሥረኛው የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ አላቆምም። መጨረሻ የሌለውን ገጽ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የነደፈው አዛ ራስኪን፣ በሠራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ሰውዬው የራሱን ጥፋት ተናዘዘ፤ የእኔን ግን አይናዘዝልኝም።

እናቴ የምትደውለው አመሻሽ ላይ፣ ቡናዋን ጠጥታ ስትጨርስ ነው። ጥሪው ሲመጣ ቪዲዮው ይቋረጣል። እኔ ደግሞ ጥሪውን ድምፅ አልባ አድርጌ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ «እያጠናሁ ነው» ብዬ እጽፍላታለሁ። በ2015 የመውጫ ፈተና እንደሚጀመርና 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን እንደማይወስድ በሬዲዮ ሰምታ ነበርና ውሸቴን ከልቧ አመነች። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ እንቅልፍ የለውም፤ ዱዓ አድርጉለት» ትል ነበር። ሰዎቹ ለጥናቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ።

አንድ የግንቦት ቅዳሜ አራት ጊዜ ደወለች። አራቱንም ጊዜ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ስሟ ስክሪኑ ላይ ሲበራ አየሁት፤ እስኪጠፋ ጠበቅሁ፤ ቀጠልኩ። አመሻሽ ላይ ለእራት ስወጣ የበሩ ጥበቃ ጠራኝና አንድ ፌስታል ሰጠኝ። በሶ፣ ቆሎና በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ነበረበት። «እናትህ ከሁለት ሰዓት በላይ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ላስጠራልዎት ብላቸው ‹ተወው፣ እያጠና ነው፣ አይረበሽ› አሉኝ። መኪና እንዳያጡ ቅድም ሄዱ» አለኝ።

ደወልኩላት። ሀረጎን እየወጣች ነበር። «አብሽር ልጄ፣ አንተ ብቻ በርታ» አለች። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ በፊት ያንኑ ቁጥር እያለቀስኩ ስደውል የነበርኩት እኔ ነኝ። በሶውን ለዶርም ጓደኞቼ ሰጠሁት፤ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ግን እውነቱን አልነገርኳትም። ያን ሌሊትም ስልኬን ከፈትኩ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያ መቋረጥ ሥራው የቆመበት፣ ከባሕር ማዶ ዘመዱ የተለያየ ብዙ ሰው አለ፤ በጎ ነገር ነበር አልልም። የራሴን ብቻ ነው የምናገረው። ክረምቱን ደሴ ቤት አሳለፍኩ። እጄ በየደቂቃው ኪሴን ይዳስስ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን አቦልን፣ ቶናንና በረካን ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ መጠጣት ጀመርኩ። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ መሸበቱን ያየሁት ያኔ ነው። ለውጥ የመጣልኝ መሰለኝ። ወራት አልፈው ዳታው ሲመለስ በሦስተኛው ቀን እዚያው ነበርኩ። የሚበላ ያጣ ሰው ጾመ አይባልም፤ ከልቡ ያሰበበት ኒያ የለውማ። እኔ አልተውኩም ነበር፤ ተቋርጦብኝ ነው።

ኒያ ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ማሳወቂያዎችን ሁሉ አጠፋሁ። የሌሊት ፓኬጅ መግዛት ተውኩ። ቻርጀሬን ከአልጋዬ አርቄ በሩ አጠገብ ሰካሁ፤ ስልኩ ላይ የሚጮኸው ጥሪ ብቻ ሆነ። ስንት ጊዜ ወድቄ ተነሥቻለሁ። ይህን ለሚያነብ የካምፓስ ተማሪ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት እንዳባከንክ ከመቁጠርህ በፊት የማንን ጥሪ እንዳላነሳህ ቁጠር። ሰዓቱ የራስህ ነው፤ ጥሪው የሰው ነው።

ተመርቄ ከመውጣቴ በፊት አንድ እሑድ ደሴ ወጣሁ። በረካው ሲቀዳ «እማዬ፣ ያን ቀን አላጠናም ነበር» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ስልኩ እጅህ ላይ ነበር?» አለች። «አዎ፣ አራቱንም ጊዜ። አውፍ በይኝ።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና «አውፍ ብዬሃለሁ» አለችኝ። ከልቧ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ግን ውሸቴ ያስለመዳት ነገር አልለቀቃትም። ዛሬ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ፤ የምዘጋጅበት ፈተና የለም። ስትደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሳለሁ። እሷ ግን ከሰላምታ በፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አሁንም ትጠይቀኛለች፦ «ልጄ፣ ረበሽኩህ?»