የደጋው ኮምፒውተር በጨፋ ቆላ

“ኮምፒውተሩ ደከመ” የሚለው ቃል በተማሪ ዘንድ እንደ ሰላምታ የተለመደ ሆኗል። ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ኳሱ ከተጫዋቹ እግር ሲነሣ ሳይታይ መረቡ ውስጥ ይገኛል፤ የአርክቴክቸር ተማሪው የሣለውን ሕንፃ ለማዞር ሲሞክር ሥዕሉ ባለበት ተገትሮ ይቀራል። በዚህ ጊዜ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ “ራም ጨምሩበት” ይላል፤ ሌላው “ዊንዶውሱ ይቀየር” ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ “ካርዱ ሞቷልና ሌላ ግዙ” ብሎ ይፈርዳል። ሁሉም የሚናገሩት ሳይመረምሩ ነው። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ከመግዛት መመርመር እንደሚቀድም፥ ምርመራውም ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የተቀመጠበትን አገር ጭምር ማየት እንዳለበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት የጨፋ ሮቢት ልጆች ገንዘባችንን አዋጥተን፥ ያገለገሉ ዕቃዎችን አሰባስበን፥ አንድ የጌም ኮምፒውተር ገጣጠምን። ጌም የሚለውን ቃል ሰምቶ ፊቱን የሚያጠቁርብን ቢኖር፥ ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ሥራውን የሚሠራው በዚሁ ኮምፒውተር መሆኑን እንዲያውቅልን እንለምናለን። ሕንፃ የሚሣልበት ፕሮግራምም ሆነ ኳስ የምንጫወትበት ጌም ጉልበት የሚጠይቁት ከአንዱ ከግራፊክስ ካርዱ ነው። ኮምፒውተሩ ደብረ ብርሃን በተከራየነው ክፍል ሳለ እንከን አልታየበትም። በሰኔ ወር ትምህርት ሲዘጋ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፥ አውቶቡስ ላይ ጭነን፥ ጣርማበርን ወርደን ሸዋ ሮቢትን አልፈን ጨፋ ሮቢት አስገባነው። በማግስቱ ይንቀራፈፍ ጀመር። ለአንድ ጠጋኝ ብናሳየው “ካርዱ አልቆለታል” አለን። የካርዱ ዋጋ ደግሞ ሁለት ሙክት ይገዛል። ገንዘቡ እንዲሟላልን የአንዳችን እናት ፍየሎቻቸውን ገበያ ሊያወጡ ተነሥተው ነበር። ስለዚህ ፍርዱን ከመቀበላችን በፊት ምስክር መስማት ግዴታችን ሆነ።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀላሉ ነው። የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ከግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ከማዘርቦርዱ ላይ? ከማዘርቦርዱ ከሆነ ያ ውድ ካርድ ሥራ ፈቶ ይቀመጥና ሥዕሉን የሚሥለው ከሲፒዩው ጋር አብሮ የተሠራው ደካማ ግራፊክስ ይሆናል። የእኛ ገመድ በቦታው ነበር። ቀጥሎም ካርዱ በመንገድ ንቅናቄ ከመሰኪያው ላልቶ እንደሆነ ብለን አውጥተን መልሰን ሰካነው፤ ለውጥ የለም። ድራይቨሩን ጨርሰን አጥፍተን አዲሱን ጫንን፤ አሁንም ለውጥ የለም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ደንባችን ነበር። ሦስት ነገር ባንድ ላይ የለወጠ ሰው ኮምፒውተሩ ቢድንለት እንኳ ያዳነው የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አያውቅምና።

ከዚያ በኋላ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ጌም ማለት እየተከታተሉ የሚሣሉ ሥዕሎች ማለት ነው፤ በሰከንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ከተፈለገ ካርዱ እያንዳንዱን ከ17 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጨረስ አለበት። በየአምስት ደቂቃው የሥዕሉን ቁጥር፥ የካርዱን ሙቀትና ፍጥነት መዘገብን። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የካርዱን ሥራና ሙቀት ያሳያል፤ የቀረውን በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ይናገራሉ። ጌሙ ሲጀመር በሰከንድ 58 ሥዕል ነበረ፤ በሃያኛው ደቂቃ 24 ሆነ። ሙቀቱ 84 ዲግሪ ደርሶ፥ የካርዱ ፍጥነትም ያን ጊዜ ወርዶ ተገኘ። የሥዕሉን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ስናሳንሰው፥ ማለት ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጠውን ነጥብ ወደ 921,600 ስናወርደው፥ ቁጥሩ ከፍ አለ። ይህም ማነቆው ሲፒዩው ሳይሆን ካርዱ መሆኑን አሳየን። ይሁን እንጂ የሞተ ካርድ 58 አይሥልም። የእኛው በደኅና ጀምሮ የደከመው ሲሞቅ ነው። ብዙ ካርዶች ከ80 ዲግሪ በላይ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ብለው የገዛ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስንፍና የመሰለን ነገር ራስን ማዳን ኖሯል።

አንዳንዶች “መብራቱ ነው” ይሉ ይሆናል። እኛም ይህን ጠርጥረን ማታ ማታ ስንለካው 220 መሆን የሚገባው ቮልት 185 ሆኖ አገኘነው። ነገር ግን ዝቅተኛ ቮልት እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ድንገት ያጠፋዋል ወይም እንደገና ያስነሣዋል እንጂ በሃያ ደቂቃ ቀስ በቀስ አያደክመውም። ያደከመው የጠረጴዛውን ማራገቢያ ነበር፤ እሱ ሲዘገይ ክፍሉ ይበልጥ ይታፈናል።

እንግዲህ ወደ አገሩ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም ከተማ ነው፤ የጨፋ ሜዳ ግን ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ክፍላችን 18 ዲግሪ ነበረ፤ እዚህ በሰኔ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ሥር 34 ሆነ። ካርድ በዙሪያው ካለው አየር በላይ በዚህን ያህል ዲግሪ ብሎ ይሞቃል፤ ስለዚህ አየሩ በ16 ዲግሪ ሲጨምር ካርዱም ያን ያህል ልጨምር ይላል። እርግጥ የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል፤ ነገር ግን ብርዱ ይህን ጉድለት አብልጦ ይክሰዋል። ካርዱን ስንከፍተው ከቀድሞ ባለቤቱ ጀምሮ የተጠራቀመ አቧራ እንደ ባና ተነጥፎበት፥ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፓስታም ደርቆ ተሰነጣጥቆ አገኘነው። ይህ ጉድ ደብረ ብርሃንም ሳለ ነበረ፤ ብርዱ ሸፍኖት ኖረ፥ ቆላው ገለጠው። በዚህም ላይ ያችው ደግ እናት አቧራ እንዳይነካብን ብለው ሣጥኑን ባማረ ዳንቴል ሸፍነውት ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። በቀለም ቡሩሽና በብስክሌት መንፊያ አቧራውን አስወጣን፤ ስንነፋም ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ያዝነው። ፓስታውን ቀየርን፤ ሣጥኑን ከግድግዳው አራቅነው፤ ዳንቴሉም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ብቻ እንዲለብስ ከእናታችን ጋር ተስማማን። የሥዕሉንም ቁጥር በ50 ላይ ወሰንነው፤ ያለ ገደብ የሚሮጥ ካርድ ያለ ገደብ ይሞቃል። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ከ76 አላለፈም፥ ቁጥሩም ከ50 አልወረደም። ከባዱን የሕንፃ ሥዕል ደግሞ ጓደኛችን በሌሊት ይሠራው ጀመር። ፍየሎቹም ከበረታቸው አልወጡም።

ይህን ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም። የጨፋ ገበሬ ከደጋ ያመጣው በሬ በቀትር ቢያለከልክ “በሬው አይረባም” ብሎ አይሸጠውም፤ በማለዳ ይጠምደዋል፥ በቀትር ጥላ ሥር ያሳርፈዋል። ስለ ካርድ በየቪዲዮው የሚመክሩን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈትኑት በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ነው። የእነርሱ ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ የእነርሱ አገር ቁጥር ነው። የጨፋን፥ የከሚሴን፥ የአፋርን ቁጥር የሚጽፍ እዚያ የሚኖር ተማሪ ነው።

በእርግጥ ካርዱ ራሱ የማይችል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ፥ ገና ሳይሞቅ፥ በሌሊትም በቀትርም እኩል የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጌሙ ከአቅሙ በላይ ነው፤ የጌሙን ጥራት መቀነስ ወይም መግዛት ይቀራል። ላፕቶፕ ያለውም ቻርጀሩ መሰካቱንና ኃይል ቆጣቢው ሴቲንግ አለመብራቱን ይይ። የተለየ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ለሥዕሉ የሚጠቀመው በራሙ ስለሆነ፥ በአንድ ትልቅ ራም ፋንታ ሁለት እኩል ራሞች ቢሰኩለት ይፈጥናል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ “ሌላ ግዙ” የሚል ፍርድ ስትሰሙ ኪሳችሁን ከመዳሰሳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ከመቼ ጀምሮ? በስንተኛው ደቂቃ? በስንት ዲግሪ? መልሱን በደብተር ጽፋችሁ ለፈራጁ አሳዩት። እርሱም ይማርበታል።