ስለ ጀፎረና ስለ መንገድ

ከወልቂጤ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚገባ እንግዳ በየመንደሩ ጀፎረ የሚባለውን ሰፊ የሣር ጐዳና ያገኛል። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል፤ ከብት ይግጥበታል፥ ሠርግና ለቅሶም ይሆንበታል። ሣሩ ዝናቡን ስለሚያሰርገው አፈሩ በጎርፍ አይታጠብም። ነገር ግን ጀፎረውን እስከ ዛሬ ያቆየው ሣሩ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው አጥሩን ወደ ጐዳናው እንዳይገፋ የሚከለክለው የአባቶች ሥርዓት ነው።

ይህ በአንድነት የመሥራት ልማድ ከመንደር አልቀረም። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በንግድና በሥራ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንግሥትን በጀት ብቻ ከመጠበቅ ይልቅ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቁመው ገንዘብ አዋጡ። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሶዶ የሚወርደውም መንገድ በሕዝብ መዋጮ ጭምር የታገዘ ነው።

እንግዲህ መሐንዲስ መንገዱን ይቀይሳል፥ መኪናም ኮረቱን ይደመድማል፤ መንገዱ ይውጣ ብሎ የሚቈርጠው ግን የሰዎች ስምምነት ነው። ከተማ ሲሰፋና መሬት ሲወደድ አጥር ሁሉ ወደ ጐዳና ሊጠጋ ይሻል። ስለዚህ አዲስ መንገድ የሚያወጣ ሁሉ ከድንጋዩ ጋራ ጠባቂ የሚሆነውን ሥርዓት አብሮ ሊያቆም ይገባዋል።