የሰብለ ወገን ነን ያልን ሁሉ

የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህን ወድጄው አላውቅም። አማርኛ እያስተማረ ለሚኖር ሰው ይህን መናገር ነውር ሳይሆን አይቀርም። ቦንጋ ውስጥ በጎረቤት ቡና ላይ የተናገርኩት ዕለት የምታፈላው ልጅ ሳትቀር ከረከቦቱ ቀና ብላ ገላምጣኛለች። ቢሆንም እውነቴን ነው። ዜማው ያማረ፣ ቀለም የሚገባው፣ ጨዋ ልጅ መሆኑን አልክድም። ግን ከሰብለ ወንጌል ጋር የነበረው ፍቅር ሲገለጥ ቀድሞ ከአገር የወጣው እሱ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ርቃ የማታውቅ የባላባት ልጅ ሆና ሳለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ፈለገችው። ስታገኘው ወንበዴዎች አቁስለውት በሞት አፋፍ ላይ ነበር። ለእኔ የመጽሐፉ ጀግና እሷ ናት፤ እሱ የተወደደ ሰው ነው፣ በቃ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ2017 ዓ.ም. በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢቢሲ መታየት ሲጀምር ይህ አቋሜ የሰፈር ጠብ ሆነ። የምናየው ተሰብስበን ነው። ዝናቡ ሲበረታ መብራት ይጠፋል፤ ቴሌቪዥኑ ከወሬው መሃል ድርግም ሲል ግን ማንም ተነሥቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። መጽሐፉን ያነበበ የቀረውን ይተርካል፣ ያላነበበ ይቃወመዋል፣ በዚህ መሃል ቶናው ይደርሳል። እንዲያውም ምርጡ ክርክር የጨለማው ነበር፤ ማን በማን ላይ እንዳፈጠጠ ስለማይታይ ሰው የልቡን ይናገራል።

መጽሐፉ ለሰፈሩ እንግዳ አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ቢሆንም ጎረቤታችንን እትዬን የመሰሉ እናቶች ያወቁት በጆሯቸው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። ስለዚህ ድራማው የጀመረ ቀን የመጀመሪያዋን ድንጋይ የወረወሩት እትዬ ናቸው። «የእኔ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሬዲዮኑ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኚህ ግን ሰው ይመስላሉ» አሉ። ተዋናዩ ላይ የነበራቸው ቅሬታ ይኸው ነው፤ ሰው መምሰሉ። ወጋየሁ ለሁሉም ድምፅ ሰጥቶ ፊታቸውን ለሰሚው ትቶለት ነበር። አሁን ሌላ ሰው መጥቶ ፊት ሲሰጣቸው እትዬ ከቤታቸው ዕቃ እንደተወሰደባቸው ያህል ተሰማቸው። ልጄ በበኩሏ «ኧረ እትዬ፣ አላዩዋቸውም እኮ!» ብትላቸው፣ «አንቺ ሳትወለጂ ነው ያየኋቸው» ብለው ዘጓት።

ከፊት ወደ ነገር ስንገባ ሰፈሩ ተከፋፈለ። እትዬ ሁሉንም በስለቱ ይፈቱታል። ወላጆቹ በሕመሙ ተጨንቀው በዛብህን ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ የተሰጠ ልጅ አያገባም፤ ስለቱ ሲፈርስ ሞት መጣ። ፊታውራሪው ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም መጨረሻው መቃብር ነበር ባይ ናቸው። ይህን ንባብ ክፍል ውስጥ ተማሪ ቢያመጣልኝ «ደራሲው እንኳ ስለት ላይ ጥያቄ እያነሡ ነው» ብዬ እመልሰዋለሁ። እትዬን ግን መመለስ አልቻልኩም፤ መጽሐፉን ከእኔ ይልቅ እንደ በዛብህ እናት እንደ ውድነሽ ያነቡታል።

ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ቃና በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በቱርክ ድራማ ያደገ ልጅ ነው። ፍቅር ካለ ሠርግ መኖር አለበት፤ ካልሆነም ሌላ ወንድ ይፈለጋል። የእሱ ምርጫ አበጀ በለው ነበር፤ ገበሬውን አስነሥቶ ፊታውራሪ መሸሻን የማረከው። «ጎበዝ ማለት እሱ ነው፤ አባቷን ካሸነፈ ልጅቷንም መውሰድ ነበረበት» ይላል። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹበት፦ ምርኮ ናት እንዴ?

ነርሷ ጎረቤታችን ወጣቶቹን ትታ ሽማግሌዎቹን መረጠች፤ የበዛብህን ወላጆች ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን። ባሎቿ ስለሞቱባት ሰው የሚፈራት ሴትና ንብረት የሌለው ሰው ተገናኝተው ጎጆ መሠረቱ፤ ማንም አላለቀሰላቸውም፣ ማንም አልዘፈነላቸውም፤ ፍቅር ማለት ይኸ ነው አለች። ከሰማኋቸው ሁሉ ይህ አስተያየት ነው ደብተሬ ላይ የገባው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሰጥቼው ተማሪዎቹ ደወሉ እስኪደወል ተከራከሩበት።

ጉዱ ካሳን በተመለከተ ክርክር አልነበረም። ሁሉም የእኔ ነው ይላል። ባላባቱን ፊት ለፊት የሚዘልፍ፣ የዘር ቆጠራን የሚንቅ፣ በዚህም «ጉዱ» የተባለ ሰው መጽሐፍ ውስጥ እስካለ ድረስ የማይወደው የለም።

አንድ ሰው ብቻ ሁላችንንም ተቃወመ። ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ የፊታውራሪ መሸሻ ወገን ናቸው፤ በቀልድም አይደለም። «አባት ነው» አሉ። «አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ አጥንት ቆጥረው ያቆዩለትን እሱ ብቻ ያፍርስ? እናንተ ልጅቷን የምታዩት በልጁ ዓይን ነው። እኔ የማያት በአባት ዓይን ነው።» ባጃጅ ነጂው «ጋሼ፣ ጊዜው እኮ ሌላ ነው» ቢላቸው፣ «የማን ጊዜ? የአንተ?» ብለው ፈገግ አሉ። ሴቶቹ ተቆጧቸው። እኔም ደግ አልተናገርኳቸውም።

እንዲህ ስንባባል አንድ ምሽት ወሬው ወደ ራሳችን አገር፣ ወደ ከፋ ዞረ። መነሻው ደራሲው ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከጣሊያን ጋር የተዋጉት በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ነው። ራስ እምሩ ደግሞ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን የሰጡት እዚሁ ጎጀብ ወንዝ ዘንድ ነው፤ ከጅማ ወደ ቦንጋ ስንመጣ የምንሻገረው ጎጀብ። ሐዲስም ተማርከው ጣሊያን ተጋዙ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው ቆዩ። ይህን ስነግራቸው ባጃጅ ነጂው ተነሣ። «የእኛን ወንዝ የሚያውቁ ሰው የጎጃምን ታሪክ ከጻፉ፣ የእኛን ማን ይጽፋል? የታቶ ጋኪ ሸሮቾ ድራማ ይሠራ!» አለ። እውነቱን ነው። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስን ጦር በ1889 ዓ.ም. ዘመቻ ለወራት ተቋቁመው፣ በመጨረሻ ተይዘው ከአገራቸው ርቀው ነው የሞቱት። ድራማ ቢባል ከዚህ ወዲያ ምን ይገኛል?

ወዲያው ተዋናይ መደልደል ተጀመረ፤ ንጉሡ ማን ይሁን፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ማን ይሁን። ልጄ «ፍቅር ከሌለበት አላይም» አለች። ባጃጅ ነጂው አንድ የንጉሥ ዘመድ ወጣት ፈጠረላት፤ ለወጣቱ ግን ሴት ልጅ ጠፋች። አንዱ የየም ንጉሥ ልጅ ትሁን አለ፤ ሌላው የጅማ። ያን ጊዜ ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጠየቁ። «የመንግሥቱን በር የሚጠብቀው ማን ነበር?»

ሁላችንም እናውቃለን። ማንጆዎች ናቸው።

«እንግዲያው የበረኛው ልጅ ትሁን» አሉ ጋሼ።

ማንም አልመለሰላቸውም። አበጀ በለውን ለሰብለ የዳረው ልጅ ዝም አለ። ስለ ውድነሽ ያስለቀሰችን ነርስ ስልኳን አየች። እትዬ «ቡናው በረደ» አሉ።

አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ፤ ስማቸው ከአደን፣ ከማገዶና ከከሰል ሽያጭ ጋር ተያይዞ የኖረ። ሌላው ጎማሮ ይባላል። ቋንቋው አንድ ነው፤ ሁሉም ካፊኖኖ ይናገራል። ግን ከማንጆ ጋር በአንድ ገበታ አይበላም፣ ቤት አይገባም፣ ከሁሉም በላይ አይጋባም ተብሎ ኖሯል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የማይበላ አውሬ ይበላሉ ይባላል፤ ትቶት ለኖረው ልጅ ልጅም ፍርዱ አይነሣለትም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በዘር ሳይለዩ የመጋባትን መብት ደንግጓል። አብያተ ክርስቲያናትም ትምህርት ቤቶችም ብዙ ደክመዋል፤ ዛሬ በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ልጆች አሉኝ። ሆኖም ገበታና ጋብቻ ከዴስክ ዘግይተው የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

ጋሼ ያን ምሽት የጨመሩት አንድ ነገር ነበር። «እኔ ልጄን አልሰጥም። ክፉም በሉኝ። መሸሻንም የማልሰድበው ለዚህ ነው። እናንተ ግን ትሰድቡታላችሁ፤ እስቲ ልጃችሁን የምትሰጡ እጃችሁን አውጡ።» መብራት ሳይጠፋ ጨለማ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በየቤታችን የሠርግ ጥሪ ወረቀት ደረሰ። ሙሽራው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሙሽራዋ አብራው ኮሌጅ የተማረች የማንጆ ቤተሰብ ልጅ። ቤተሰቡ ብዙ ተጨንቆ፣ ሽማግሌ ገብቶበት ነው እዚህ የደረሰው። የሠርጉ ዕለት የሰብለ ወገኖች ምን እንደሆኑ ልንገራችሁ። የአንዱ ባጃጅ ተበላሸ። ሌላዋ ተረኛ ሆነች። የእትዬ ጉልበት ታመመ። ጋሼ ግን እስከ ሙሽራው አባት ደጃፍ ድረስ ሄደው «አልመጣም፤ ምክንያቴን ታውቀዋለህ፤ ልጁን ግን እግዚአብሔር ይባርከው» አሏቸው።

እኔ ከልጄ ጋር ሄድኩ። ይህን ለመመስገን አልጽፈውም፤ የምጽፈው ገበታው ላይ የሆነውን ለመናገር ነው። የሙሽራዋ አክስት ቆጮና ክትፎ በትሪ ይዘው መጥተው ፊታችን አስቀመጡ፤ ቆመውም ጠበቁ። ዓይናቸው ከትሪው አልተነሣም። እጄን ዘረጋሁ፤ ከመድረሱ በፊት ግን ለአፍታ ቆመ። ማንም አላዘዘውም፤ ራሱ ነው የቆመው። ስንት ዓመት በአማርኛ ክፍል ስለ ሰው እኩልነት ድርሰት ያረመ እጅ ነው። ልጄ ከእኔ በፊት ቆርሳ ጎረሰች። ቀጥዬ እኔም በላሁ። አክስትዬዋ ሁለታችንንም አይተው «ጨምሩ እንጂ» አሉ፤ ያቺን አፍታ ማየታቸውን ግን አልጠራጠርም። ዕድሜ ልካቸውን ሲያይዋት የኖሩ አፍታ ናት።

ከዚህ የተማርኩት ሰው ሁሉ አስመሳይ ነው የሚል አይደለም። በድራማ ለሰብለ ማልቀስ ክፋት የለውም፤ ሐዲስ ዓለማየሁም የጻፉት እንድናለቅስ ነው። የተማርኩት ሌላ ነው። ስለ ባለታሪኮች ስንከራከር ወገን መምረጥ ምንም አያስከፍልም። ፊታውራሪ መሸሻን ለመስደብ ዝምድና አናጣም፣ እድር አያስወጣንም፣ ልጃችንን የሚጠይቅ የለም። ዋጋ በሌለው ነገር ሁላችንም ጉዱ ካሳ ነን። ዋጋ ሲመጣ ግን ባጃጃችን ይበላሻል።

ስለ ጋሼም አስተሳሰቤ ተለወጠ። ሐሳባቸውን ዛሬም አልቀበልም፤ ስሕተት ነው እላለሁ፣ ፊት ለፊታቸውም እላቸዋለሁ። ነገር ግን የሙሽራው አባት ከሠርጉ በኋላ ደጋግመው የሚሄዱት እሳቸው ዘንድ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ከእሳቸው ጋር ልከራከር እችላለሁ» አሉኝ። ገባኝ። እምቢ ያለን ሰው ማሳመን ይቻላል፤ ቃል አለው፣ ለቃሉ መልስ ይሰጠዋል። ጉልበቴን አመመኝ ያለን ሰው ግን በምን ታሳምነዋለህ? ይህ ዓይነቱ ልማድ በከፋ ዕድሜ ያገኘው ጋሼን የመሰሉ ሰዎች አፋቸውን ሞልተው ስለሚናገሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ብዙዎቻችን በተቃራኒው እያወራን በሠርጉ ቀን ስለምንታመም ጭምር ነው።

ድራማ እዩ፤ ተከራከሩ። በዛብህን ጥሉት ወይም ውደዱት፣ ሰብለን ለፈለጋችሁት ዳሩ። እነሱን ማንም አይጎዳቸውም፤ ታሪካቸው አልቋል። በየሰፈራችሁ ግን ታሪካቸው ያላለቀ አሉ፤ ከከፋ ውጭም ቢሆን ስሙ ይለያይ እንጂ አይጠፉም። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳችሁ ሂዱ። የቀረበላችሁንም ብሉ፤ ቶሎ።